እንደ እንስሳ እንራመድ፣ እንደ ሰው እንደጋገፍ

በዛሬው ጽሑፌ ኳስም፣ መረብም፣ ገንዘብም የማይጠይቅ፣ ላብ ግን በደንብ የሚያስወጣ አንድ የስፖርት ዓይነት ላስተዋውቃችሁ ነው። እንደ ድብ፣ እንደ ሸርጣን፣ እንደ ጭላዳ፣ እንደ አባጨጓሬ መራመድ! ሳቃችሁ አይደል? እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ስቄ ነበር። በኋላ ግን በአራት እግር ከመሄድ ይልቅ በሁለት እግሬ ቆሜ የጓደኛዬን ፊት ማየት የከበደኝ ቀን መጣ። እሱንም ሳልደብቅ አጫውታችኋለሁ።

ኳስ አንድ፣ እኛ ስልሳ ሁለት

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በክፍላችን 62 ተማሪዎች ነን፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የምንጠቀምባት ኳስ ግን አንድ ናት፤ እሷም ግማሹ አየሯ የወጣ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ኳስ የሚችሉት አስራ ምናምን ልጆች ይጫወታሉ፣ ሌላው ጥግ ይዞ ወሬውን ይሰልቃል። አብዛኞቹ ሴቶች ደብተራቸውን ታቅፈው ጥላ ስር ይቀመጣሉ። እኔም ከጥላ ስር ወገኖች አንዱ ነበርኩ። ሁለተኛ ፎቅ ወዳለው ክፍላችን ደረጃ ስወጣ የማለከልክ ልጅ ነኝ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ባለፈው ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን አንድ ቀን ኳሷን ቢሮ ትተዋት መጡና «ዛሬ ሁላችሁም ትጫወታላችሁ። እጃችሁን መሬት ላይ አድርጉ!» አሉን። ከዚያም ራሳቸው ቱታቸውን ሰብሰብ አድርገው በእጅና በእግራቸው ሜዳውን መሻገር ጀመሩ። ሳቁ ሌላ ነበር! ተራው የእኛ ሲሆን ግን ሳቁ ጠፋ። እኔ ስድስት ሜትር ያህል እንደሄድኩ ክንዴ ተንቀጥቅጦ በደረቴ ተደፋሁ። የክፍላችን ኮከብ አጥቂም ከእኔ ብዙም አልራቀ። ከሁላችን ቀድማ የተሻገረችው ማንም ያልጠበቃት፣ ከገጠር በእግሯ ተመላልሳ የምትማር ልጅ ነበረች።

መምህራችን የፀረ ኤድስ ክበባችንም ተጠሪ ናቸው። ስለዚህ እንቅስቃሴውን ከክበቡ ጋር አያያዙትና ቅዳሜ ጠዋት ከውይይቱ በፊት ግማሽ ሰዓት እንድንሠራው ሆነ። ለወጣቶች «ከአልባሌ ቦታ ራቁ» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሚሄዱበት ቦታም ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ የእሳቸው አባባል ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

እንስሳትን እያዩ ሰውነትን ማሠልጠን አዲስ ነገር አይደለም። በቻይና ከ1800 ዓመት በፊት ገደማ የኖረው ሁዋ ቱዎ የተባለ ሐኪም በአምስት እንስሳት ስም የሚጠራ የእንቅስቃሴ ዘዴ እንዳስተማረ ይነገርለታል። እንስሳቱም ታይገር፣ አጋዘን፣ ድብ፣ ዝንጀሮና ወፍ ናቸው። ዛሬም በቻይና መናፈሻዎች ይህንኑ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ።

ወደ አውሮፓ ስንሄድ ደግሞ ዦርዥ ኤቤር የተባለውን የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1902 በማርቲኒክ ደሴት የፔሌ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሰው በማዳን ሥራ ላይ ተሳትፏል። ጠንካራ መሆን ብቻውን ዋጋ እንደሌለው፣ ጥንካሬው ሌላውን ለመርዳት መዋል እንዳለበት ያምን ነበር። እሱ ባዘጋጀው የተፈጥሮ ሥልጠና ውስጥ ከመራመድ፣ ከመሮጥ፣ ከመዝለልና ከመዋኘት ጎን ለጎን በአራት እግር መሄድ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ነበር።

እኛስ ብንሆን ሩቅ መሄድ ያስፈልገናል? ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የተጓዘ ሰው በገደሉ አፋፍ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ሳያይ አይቀርም። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ በዱር የማይገኝ እንስሳ ነው። ሣር ሲግጥ ቁጢጥ ብሎ፣ ሁለቱንም እጆቹን ለመንጨት እየተጠቀመ፣ ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው ቦታ የሚቀይረው። እስቲ ለአንድ ደቂቃ እሱን ምሰሉ፤ ጭናችሁ ይነግራችኋል!

ጥቅሙ ምንድን ነው?

በሁለት እግራችን ስንራመድ ክብደታችንን የሚሸከመው እግራችን ነው። እጃችንን መሬት ላይ ስናሳርፍ ግን ሸክሙ ለትከሻ፣ ለክንድና ለእጅ አንጓም ይከፋፈላል። ሆድና ወገብ ደግሞ ከትከሻ እስከ ዳሌ ያለው ክፍል እንዳይንጋደድ አጥብቀው መያዝ አለባቸው። በመሆኑም በአንድ እንቅስቃሴ ብዙ ጡንቻ ይሠራል፣ ልብም ደም ለማድረስ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ቶሎ የሚያለከልከን ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ቅልጥፍና ነው። በጡንቻና በመገጣጠሚያ ውስጥ ያሉ ነርቮች እጃችን የት እንዳለ፣ እግራችን ምን ያህል እንደታጠፈ ለአንጎል ዘወትር መልእክት ይልካሉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አፍንጫችሁን መንካት የምትችሉት በእነሱ ነው። ቀኝ እጅን ከግራ እግር፣ ግራ እጅን ከቀኝ እግር ጋር እያቀናጁ መሄድ ይህን የመልእክት ልውውጥ ያለማምደዋል። መጀመሪያ ላይ ግራና ቀኝ ይምታታል፤ እኔማ ቆሜ የማስብበት ጊዜ ነበር። ሲለመድ ግን ሰውነት ራሱ ያውቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆችና ወጣቶች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር መሆን አለበት ይላል። የእንስሳት አካሄድ ለሁለቱም ይሆናል።

ከመጀመራችን በፊት

አንደኛ፣ ሜዳውን እዩ። ጠርሙስ፣ እሾህ፣ ሹል ድንጋይ ካለ ልቀሙ። ሣር ያለበት ወይም ለስላሳ አፈር የሆነ ቦታ ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ቀስ ብሎ መሮጥ፣ ትከሻን ማዞር፣ የእጅ አንጓንና ቁርጭምጭሚትን ማሽከርከር ይበቃል። ሦስተኛ፣ ትኩሳት ካላችሁ ወይም ካመማችሁ በዚያን ቀን ዕረፉ። አራተኛ፣ የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የቆየ የመገጣጠሚያ ጉዳት ያለበት ሰው አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ያማክር።

ድካምና ሕመምን መለየትም ያስፈልጋል። ጡንቻ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ድካም ነው። መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ ነገር ከተሰማችሁ ግን ሕመም ስለሆነ አቁሙ።

አካሄዶቹ

1. ድብ። በእጅና በጉልበት ተንበርከኩ። መዳፎቻችሁ በትከሻችሁ ትክክል ይሁኑ። አሁን ጉልበታችሁን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል አንሡና ቀኝ እጅንና ግራ እግርን አንድ ላይ፣ ከዚያ ግራ እጅንና ቀኝ እግርን አንድ ላይ እያንቀሳቀሳችሁ በአጭር በአጭሩ ሂዱ። ጀርባ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ይሁን። የሁላችንም ስህተት ዳሌን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጀርባችሁ ላይ ደብተር አስቀምጡ። ከወደቀ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ይህ ሲለመድ ዳሌን ከትከሻ በላይ ከፍ አድርጎ በረጅም እርምጃ መሄድ ይቻላል።

2. ሸርጣን። መሬት ላይ ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን ከኋላ አድርጉ፣ ጣቶቻችሁ ወደ ጎን ይመልከቱ። መቀመጫችሁን አንሡና ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ጎን ሂዱ። የክንድን የኋላ ክፍልና መቀመጫን ያጠነክራል፤ ቀኑን ሙሉ ዴስክ ላይ ጎብጠን የምንውል ተማሪዎችን ደረት ይከፍታል። እውነተኛው ሸርጣን በአብዛኛው ወደ ጎን ነው የሚሄደው፤ የእግሩ መታጠፊያ ለዚያ የተመቸ ስለሆነ። እናንተ ግን በሁሉም አቅጣጫ ሞክሩ።

3. ጭላዳ። እግራችሁን ከትከሻ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ቁጢጥ በሉ። ተረከዝ መሬት ይንካ፣ ደረት ቀና ይበል። ሳትነሡ በትንንሽ እርምጃ ወደ ቀኝ አምስት፣ ወደ ግራ አምስት ጊዜ ሂዱ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ይውረድ። ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ሁልጊዜ የእግር ጣቶች በሚያመለክቱበት አቅጣጫ ይሁን።

4. አባጨጓሬ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ አጎንብሳችሁ እጃችሁን መሬት አስነኩ። እግር ሳይንቀሳቀስ በእጃችሁ ወደፊት እየሄዳችሁ የፑሽ አፕ ቅርጽ ያዙ። ከዚያ እጅ ሳይንቀሳቀስ እግራችሁ በትንሽ በትንሹ ወደ እጃችሁ ይምጣ። የኋላ ጭንንና ባትን ይለጥጣል፣ ሆድን ያጠነክራል። እጃችሁ መሬት ካልደረሰ ጉልበት ማጠፍ ነውር የለውም።

5. እንቁራሪት። ቁጢጥ ብላችሁ በእግሮቻችሁ መካከል መሬት ንኩ፣ ወደፊት ዝለሉ፣ ስታርፉ መጀመሪያ በእግር ጣቶች በኩል፣ ከዚያ በተረከዝ፣ ጉልበት ታጥፎ ይሁን። ጥሩ እንቁራሪት ስታርፍ ድምፅ አይሰማም! «ዷ» ካለ ጉልበታችሁ እየተመታ ነው። ስድስት ዝላይ ለመጀመሪያ ይበቃል።

6. እንሽላሊት። ይህ የበረቱ ሰዎች ነው። የፑሽ አፕ ቅርጽ ይዛችሁ ዝቅ በሉ፤ ቀኝ እጅ ወደፊት ሲሄድ ግራ ጉልበት ወደ ግራ ክርን ይምጣ፤ ከዚያ በተቃራኒው። ከመጀመሪያው አንድ ወር በፊት አትሞክሩት። እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

7. ካሪዮላ። እንስሳ አይደለም፤ ግን ሳንሠራው አንውልም። አንዱ የፑሽ አፕ ቅርጽ ይይዛል፣ ሌላው ሁለቱን እግሮቹን ከቁርጭምጭሚት በላይ ይዞ ያነሣለታል። ልክ በግንባታ ቦታ እንደሚገፋው ካሪዮላ፣ ፊት ያለው በእጁ ይራመዳል። የኋላኛው አይገፋም፣ ይከተላል እንጂ። ለዚህ እንቅስቃሴ ጓደኛ ያስፈልጋል። የእኔ ታሪክም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ስንት ቀን፣ ምን ያህል?

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ድብ፣ ሸርጣን፣ ጭላዳና አባጨጓሬን እያንዳንዳቸውን አስር ሜትር ያህል ሁለት ሁለት ጊዜ ሥሩ፤ በየመሃሉ አንድ ደቂቃ ዕረፉ። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ዙር አድርጉና እንቁራሪትን ጨምሩ። ከአንድ ወር በኋላ ሳታቋርጡ አንዱን ከሌላው ማያያዝ ትችላላችሁ፤ በድብ ሄዶ በሸርጣን መመለስ እንደማለት ነው። እየሠራችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልኩ ላይ ናችሁ። ማውራት ካቃታችሁ አቀዝቅዙ።

እኔ በሁለት ወር ውስጥ በድብ አካሄድ ከስድስት ሜትር ወደ ሃያ ሜትር ደረስኩ። ደረጃውንም ሳላለከልክ መውጣት ጀመርኩ። መሮጥም ስለጀመርኩ ሁሉም የድቡ ውጤት ነው አልልም። ግን ከጥላ ስር ያስነሣኝ እሱ ነው።

እጄን የሳብኩ ዕለት

በክበባችን ውስጥ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተማረ ጓደኛ አለኝ። በፈቃዱ ነው የምጽፈው፤ ስሙን ግን አልጠራም። የካሪዮላ ጓደኛዬም እሱ ነበር። አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ድንገት ቆም አለና «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም አትንገር» አለኝ። ኤች አይ ቪ ከልደቱ ጀምሮ በደሙ ውስጥ እንዳለ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መድኃኒት እንደሚወስድ ነገረኝ። «አይዞህ፣ ምንም ማለት አይደለም» አልኩት። ቃሌ ጥሩ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሜ ካሪዮላ ተባለ። እሱ እንደተለመደው እጁን መሬት አድርጎ እግሩን ወደ እኔ ዘረጋ። እግሩ በላብ ረጥቧል፣ መዳፉም ከጠጠሩ የተነሣ ጫር ጫር ብሏል። እኔ ጎንበስ አልኩና ቆምኩ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ወገቤን አሞኛል» ብዬ ዞር አልኩ። እሱ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም፤ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወጣ። ሌላ ማንም ምን እንደተፈጠረ አላወቀም። እኔና እሱ ግን አውቀናል።

ይበልጥ የሚያሳፍረው ምኑ መሰላችሁ? ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በሚኒ ሚዲያው ማይክራፎን «ኤች አይ ቪ በላብ፣ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመጫወት አይተላለፍም» ብዬ ለመላው ተማሪ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ! አፌ የሚያውቀውን እጄ አያውቀውም ነበር ማለት ነው።

ጓደኛዬ ሦስት ቅዳሜ ቀረ። ክፍል ውስጥም ወንበሩን ቀየረ። «ምን ሆነ?» ሲሉኝ «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። ምሥጢሩን አላወጣሁም፤ ግን ምሥጢር መጠበቅ ብቻውን ጓደኝነት አይደለም።

ሲስተር ያስረዱን

በሦስተኛው ቅዳሜ የጤና ጣቢያ ነርስ የሆኑ ሲስተር በክበቡ ተጋብዘው መጡ። እኔ ማንንም ሳልጠቅስ ጠየቅኩ፦ «ሲስተር፣ በላብ አይተላለፍም ይባላል። ለምንድን ነው የማይተላለፈው?» ሲስተር ጥያቄውን ወደዱት። «ሁሉም ‹አይተላለፍም› ይላል፤ ‹ለምን› የሚል ግን ጥቂት ነው» አሉ።

ቫይረሱ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ ሁለት ነገሮች መሟላት እንዳለባቸው ነገሩን። አንደኛው፣ በቂ ቫይረስ የያዘ የሰውነት ፈሳሽ ነው፤ እነዚህም ደም፣ የወንድ የዘር ፈሳሽ፣ የሴት ብልትና የፊንጢጣ ፈሳሽ እንዲሁም የእናት ጡት ወተት ናቸው። ላብ፣ እንባና ምራቅ ከዚህ ውስጥ አይገቡም። ሁለተኛው መግቢያ በር ነው፤ ፈሳሹ በመርፌ፣ በክፍት ቁስል ወይም እንደ ብልትና ፊንጢጣ ባለ ስስ የውስጥ ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት መግባት አለበት። ጤነኛ የውጭ ቆዳ ግድግዳ ነው። ቫይረሱም ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም። የጓደኛን ላብ ያረጠበው እግር መያዝ ሁለቱንም አያሟላም።

ቀጠሉና «መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሊወርድ ይችላል። እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰና የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም» አሉን። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እኔም ጓደኛዬም አልተወለድንም።

ስፖርትስ? «ቫይረሱ በደሙ ያለና ጤንነቱ የተረጋጋ ወጣት ስፖርት መሥራት ይችላል፤ ይጠቅመዋልም። ጡንቻውን ያጠነክርለታል፣ እንቅልፉን ያስተካክልለታል፣ ጭንቀቱን ይቀንስለታል። ነገር ግን ስፖርት መድኃኒት አይተካም! መቶ ጊዜ እንደ ድብ ብትሄዱ አንዲት ፍሬ ኪኒን አትተካም» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ አልመጣልኝም።

መምህራችን ደግሞ የአሜሪካዊውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የማጂክ ጆንሰንን ታሪክ ጨመሩልን። ማጂክ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ለዓለም ይፋ አደረገ። በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ ከአገሩ ቡድን ጋር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። በዚያው ዓመት ወደ ሊጉ ለመመለስ ሲዘጋጅ ግን አንዳንድ ተጫዋቾች ከእሱ ጋር መጫወት እንደሚፈሩ ተናገሩ፤ እሱም ተወው። በ1996 ተመልሶ ለጥቂት ወራት ተጫወተ። «ያን ሰው በ1992 ከሜዳ ያስወጣው ቫይረሱ ነው ወይስ የሰው ፍርሃት?» ብለው ጠየቁን። መልሱን ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ። እኔም አንድ ሰው ከሜዳ አስወጥቼ ነበር።

ሜዳ ላይ ሰው ሲቆስል

ሲስተር አንድ ሌላ ነገርም አስተማሩን። ላብ አያስፈራም፣ ደም ግን የማንም ይሁን የማን በጥንቃቄ ይያዛል። ለአንዱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም! ምክንያቱም በደም የሚተላለፉ ሌሎች በሽታዎችም አሉ፣ ማን ምን እንዳለበትም ከፊት አይነበብም።

የቆሰለው ልጅ ጨዋታውን ያቁም። ከቻለ ራሱ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በፕላስተር ይሸፍን። የሚረዳው ሰው ጓንት ያድርግ፤ ከሌለ ያልተቀደደ ፌስታል እጁ ላይ ይጠቅልል። ደም የነካው ልብስ ይቀየር። ደሙ ቆሞ ቁስሉ ከተሸፈነ በኋላ ልጁ ወደ ጨዋታ መመለስ ይችላል። በስፖርት ሜዳ ኤች አይ ቪ የመተላለፉ ዕድል እጅግ በጣም አነስተኛ ነው፤ ጥንቃቄው ግን አይጎዳም።

ለቫይረሱ ሊያጋልጥ የሚችል ነገር የደረሰበት ሰው፣ ለምሳሌ የተደፈረ ወይም በደም የተበከለ መርፌ የወጋው፣ በአስቸኳይ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ባለሙያው አስፈላጊ ነው ካለ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ይህን ለራሳችሁም ለጓደኞቻችሁም አስታውሱ።

«ወገብህ ተሻለህ?»

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር፤ ደጃፍ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። እሱ በረንዳ ላይ ልብስ እያጠበ ነበር። አየኝና «ወገብህ ተሻለህ?» አለኝ።

«ወገቤን አላመመኝም። ፈርቼ ነው። ይቅርታ» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እውቀቱ እንዳለህማ አውቃለሁ። በማይክ ያነበብከው አንተ ነህ» አለኝ። ቀጥሎም በረንዳው ላይ ገመድ የምትዘለውን ታናሽ እህቱን በአገጩ እያሳየኝ፣ «እሷ ነጻ ናት። እናታችን እሷን ስታረግዝ ክትትል ነበራት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአንድ አልጋ ነው የምንተኛው፣ ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። በላብ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እሷን ነበር።»

ከዚያ በኋላ የነገረኝ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። እኔ እጄን በሳብኩበት ሳምንት ሁለት ቀን መድኃኒቱን ሳይወስድ አድሯል። «ብወስደውም ባልወስደውም ያው ከሆንኩ ለምን? ብዬ ነው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን እናቱ ቆጥራ ደረሰችበትና ሐኪሙ ዘንድ ይዛው ሄደች። አሁን ደህና ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ማግለል ማለት የግድ መሳደብ ወይም መደብደብ አይደለም። አንዳንዴ «ወገቤን አሞኛል» የምትል አንዲት ትንሽ ውሸት ናት። መድኃኒት ታስቆማለች፣ መድኃኒት ማቆም ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል።

ወዲያው አልታረቅንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ፣ ካሪዮላውን ግን ከሌላ ልጅ ጋር ሠራ። እኔም አልተቆጣሁም። በሌላው ቅዳሜ ወደ እኔ መጥቶ እጁን መሬት አደረገ። እግሮቹን ያዝኩ፤ እንደ ድሮው በላብ ረጥበዋል። ሜዳውን እስከ ዳር ሄድን። ተራ ቀይረን እሱ የእኔን ሲይዝ ግማሽ ላይ ተደፋሁ። «አየህ፣ አሁን ነው ወገብህን ያመመህ!» ብሎ ሳቀብኝ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ነገ ጠዋት በግቢያችሁም ሆነ በሰፈራችሁ ሜዳ እጃችሁን መሬት አድርጋችሁ ሞክሩት። የሚስቅባችሁ ካለ «ና ሞክረው» በሉት። ጓደኛችሁ ምሥጢሩን ቢነግራችሁ ምሥጢሩን ጠብቁለት፣ ስለ ቫይረሱ የማይገባችሁ ነገር ካለ የጤና ባለሙያ ጠይቁ፤ ግን ሜዳው ላይ እግሩን ሲዘረጋላችሁ ያዙት። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት እኔ የተማርኩት በክፍል ውስጥ አይደለም። በካሪዮላ ነው።

ቸር ይግጠመን!